አዲስ ግራፊክስ ካርድ በቆየ ኮምፒውተር፦ የፍሬም ጊዜ፣ የመተላለፊያና የኃይል ወሰኖች

አኅጽሮተ ጽሑፍ

የቆየ የጨዋታ ኮምፒውተር ሲዘገይ በቅድሚያ የሚታሰበው መፍትሔ ግራፊክስ ካርዱን መቀየር ነው። ይህ ጽሑፍ ውሳኔው የአንድ ዕቃ ግዢ ብቻ ሳይሆን የመላው ማሽን ጥያቄ መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል። እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ የቀረቡትን ኮር አይ5-4590 ፕሮሰሰርና ጂፎርስ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ካርድ የያዘ ማሽንን እንደ ማሳያ በመውሰድ፣ አዲስ ካርድ የሚያስገኘውን ጥቅም የሚገድቡ አራት ወሰኖችን ይመረምራል። እነርሱም የፕሮሰሰሩ የሥራ ጊዜ፣ የፒሲአይ ኤክስፕረስ መተላለፊያ ስፋት፣ የፓወር ሰፕላዩ አቅም፣ እንዲሁም የድራይቨርና የኦፕሬቲንግ ሲስተም የድጋፍ ዕድሜ ናቸው። በመደምደሚያውም ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ያለ ወጪ በሚደረግ ልኬት ማነቆው ያለበትን ቦታ መለየት እንደሚቀድም ያመለክታል።

ቁልፍ ቃላት፦ ግራፊክስ ካርድ፣ ማነቆ፣ የፍሬም ጊዜ፣ ፒሲአይ ኤክስፕረስ፣ ፓወር ሰፕላይ

1. መግቢያ

የአንድ ኮምፒውተር ክፍሎች የሚተኩበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። ፕሮሰሰር፣ ራምና ማዘርቦርድ እርስ በርስ የተሳሰሩ በመሆናቸው አንዱን በአዲስ ትውልድ ለመተካት ብዙውን ጊዜ ሦስቱንም መቀየር ግድ ይላል። ግራፊክስ ካርድ ግን በአንድ ስሎት ተሰክቶ በብሎን የሚታሰር፣ ከሌሎቹ ተነጥሎ ሊወጣና ሊገባ የሚችል ክፍል ነው። የፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎት ቅርጽም ከትውልድ ትውልድ ስላልተለወጠ የዛሬው ካርድ ከአሥር ዓመት በፊት በተሠራ ማዘርቦርድ ላይ ይገጥማል። ይህ ቅለት አሳሳች ግምት ያስከትላል፤ ካርዱ ከገጠመ ሙሉ አቅሙን ይሰጣል የሚል ግምት። መግጠምና ሙሉ አቅምን መስጠት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ጥያቄው ለተጫዋቾች ብቻ የተወሰነ አይደለም። ለጨዋታ የሚገዛው ካርድ ለማሽን ለርኒንግ፣ ለምስል ትንተናና ለሳይንሳዊ ስሌትም ያገለግላል። በጀቱ ውስን የሆነ ተመራማሪ ወይም የድኅረ ምረቃ ተማሪ ያለውን ዴስክቶፕ በአንድ ካርድ ለማደስ ሲያስብ የሚገጥመው ምርጫ ከተጫዋቹ ምርጫ ጋር በአብዛኛው ይመሳሰላል። ስለዚህ ውሳኔው በምን ስሌት ሊደገፍ እንደሚችል መመርመር ተገቢ ይሆናል።

ለማሳያነት የተመረጠው ማሽን በብዛት ከሚገኙት አንዱ ነው። ኮር አይ5-4590 አራት ኮሮች ያሉት፣ በአንድ ጊዜም አራት የሥራ ጅረቶችን ብቻ የሚያስኬድ ፕሮሰሰር ነው፤ ፍጥነቱ ከ3.3 እስከ 3.7 ጊጋኸርዝ፣ የኃይል መጠኑ 84 ዋት ሲሆን፣ ከዲዲአር3 ራምና ከ3ኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ጋር ይሠራል። ጂፎርስ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ደግሞ በብዛት በ2 ጊጋባይት ሚሞሪ የቀረበና 60 ዋት ብቻ የሚወስድ ካርድ ነው።

2. የፍሬም ጊዜና የማነቆው ቦታ

አንድ ጨዋታ በስክሪን ላይ የሚታየው ተከታታይ ፍሬሞችን በመሥራት ነው። እያንዳንዱ ፍሬም በሁለት ሠራተኞች እጅ ያልፋል። ፕሮሰሰሩ የጨዋታውን ሕግ፣ የገጸ ባሕርያቱን እንቅስቃሴና የግጭት ስሌቱን ይሠራል፤ ለካርዱም ምን መሳል እንዳለበት ትእዛዝ ያዘጋጃል። ካርዱ ትእዛዙን ተቀብሎ የእያንዳንዱን ፒክስል ቀለም ያሰላል። ካርዱ አንዱን ፍሬም ሲስል ፕሮሰሰሩ የሚቀጥለውን ስለሚያዘጋጅ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሠራሉ። በመሆኑም የአንድ ፍሬም ጊዜ በግርድፉ የሁለቱ ጊዜ ድምር ሳይሆን ከሁለቱ የረዘመው ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም ለማግኘት ሁለቱም ሥራቸውን በ16.7 ሚሊሰከንድ ውስጥ መጨረስ አለባቸው።

ከዚህ አጭር ሕግ የሚወጣው ውጤት ቀላል ስሌት ያሳየዋል። በሠንጠረዥ 1 የቀረቡት አኃዞች ለማብራሪያ የተወሰዱ ግምቶች ናቸው፤ በአንድ ጨዋታ ፕሮሰሰሩ ለአንድ ፍሬም 14 ሚሊሰከንድ፣ ነባሩ ካርድ ደግሞ 40 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል ተብሎ ታስቧል።

ሠንጠረዥ 1፦ የካርድ ፍጥነትና በሰከንድ የሚገኝ የፍሬም ብዛት

| የካርዱ ፍጥነት | የካርዱ ጊዜ (ሚሊሰከንድ) | የፕሮሰሰሩ ጊዜ (ሚሊሰከንድ) | ፍሬም በሰከንድ |
|---|---|---|---|
| ነባሩ | 40 | 14 | 25 |
| 2 እጥፍ | 20 | 14 | 50 |
| 3 እጥፍ | 13.3 | 14 | 71 |
| 6 እጥፍ | 6.7 | 14 | 71 |

የመጀመሪያው እጥፍ 25 ፍሬሞችን ይጨምራል፤ ከሁለት እጥፍ ወደ ሦስት እጥፍ መሄድ 21 ፍሬሞችን ያስገኛል፤ ከሦስት እጥፍ ወደ ስድስት እጥፍ ለማለፍ የሚወጣው ገንዘብ ግን አንድም ፍሬም አያስገኝም። ከሦስተኛው እርከን በኋላ ካርዱ ትእዛዝ እስኪመጣለት እየጠበቀ ሥራ ይፈታል። የካርድ ዋጋ በአብዛኛው ከፍጥነቱ ጋር ስለሚጨምር የቆየ ማሽን ባለቤት ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት የፕሮሰሰሩን ጣሪያ ነው።

ጣሪያውን ለማወቅ አዲስ ካርድ መግዛት አያስፈልግም። ጨዋታው በ1920 በ1080 ሬዞሉሽን ሲሄድ የፍሬሙ ብዛት ይመዘገባል፤ ከዚያም ሌላው ሁሉ ሳይነካ ሬዞሉሽኑ ወደ 1280 በ720 ዝቅ ይደረጋል። የፒክስሎቹ ብዛት ከ2,073,600 ወደ 921,600 ስለሚወርድ የካርዱ ሥራ በእጅጉ ይቀላል፤ የፕሮሰሰሩ ሥራ ግን በነበረበት ይቆያል። የፍሬሙ ብዛት በጉልህ ካደገ ማነቆው ካርዱ ነው፤ ለውጥ ካልታየ ማነቆው ፕሮሰሰሩ ነው፤ አዲስ ካርድም ፍጥነት አይጨምርም። ሬዞሉሽኑ እስከ መጨረሻው ዝቅ ሲል የሚገኘው አኃዝ ደግሞ ማሽኑ በማናቸውም ካርድ ሊደርስበት የሚችለውን ጣሪያ በግምት ያመለክታል።

ይህ ማለት ፈጣን ካርድ በቆየ ማሽን ላይ ሁልጊዜ ይባክናል ማለት አይደለም። በሠንጠረዡ ስድስት እጥፍ ፈጣን የተባለው ካርድ 2560 በ1440 ሬዞሉሽን ላለው ሞኒተር ቢውል የሚስላቸው ፒክስሎች 1.78 ጊዜ ይበዛሉ። የካርዱ ጊዜ በዚያው መጠን ያድጋል ቢባል ወደ 12 ሚሊሰከንድ ይጠጋል፤ ይህም አሁንም ከፕሮሰሰሩ ጊዜ በታች ነው። ተጠቃሚው በዚያው 71 ፍሬም የጠራ ምስል ያገኛል። እንግዲህ ፕሮሰሰሩ ጣሪያ ከሆነ በኋላ ካርዱ የሚሰጠው ጥራትን እንጂ ፍጥነትን አይደለም። በአንጻሩ በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ የሚታደስ ሞኒተር ያለው ሰው ከ60 በላይ የሚገኙትን ፍሬሞች በሙሉ ማየት አይችልም።

አማካይ አኃዝ ብቻውን የሚያሳስትበት ሁኔታም አለ። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 59 ፍሬሞች እያንዳንዳቸው 15 ሚሊሰከንድ፣ አንዱ ግን 115 ሚሊሰከንድ ቢወስድ ድምሩ ልክ 1,000 ሚሊሰከንድ ይሆናል። መለኪያው 60 ፍሬም ብሎ ይመዘግባል፤ ተጫዋቹ ግን ምስሉ ለአፍታ ሲደናቀፍ በግልጽ ያየዋል። አራት የሥራ ጅረት ብቻ ያላቸው ፕሮሰሰሮች በቅርብ ዓመታት ጨዋታዎች ላይ የሚቸገሩት በአማካዩ ብቻ ሳይሆን በእነዚህ ድንገተኛ መደናቀፎች ነው። በማሳያው ማሽን ላይ ይህን ለማሻሻል ከካርዱ ጎን ለጎን ሁለት ርካሽ አማራጮች ይኖራሉ። አንደኛው በዚያው ሶኬት የሚገባውንና ስምንት የሥራ ጅረት ያለውን ኮር አይ7-4790 በሁለተኛ እጅ መግዛት ነው። ሁለተኛው ራሙ በአንድ ዘንግ ብቻ ተሰክቶ ከሆነ ጥንዱን መሙላት ነው፤ የዲዲአር3-1600 ራም የማስተላለፍ አቅም በአንድ ዘንግ በሰከንድ 12.8 ጊጋባይት ሲሆን በጥንድ 25.6 ይደርሳል።

3. የመተላለፊያው ወሰን

ካርዱና የቀረው ማሽን የሚገናኙት በፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመሮች ነው። በ3ኛው ትውልድ አንድ መስመር በሰከንድ ወደ 0.985 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ 4ኛው ትውልድ ይህን በእጥፍ ያሳድጋል። የካርዱ ስሎት በውጭ ሲታይ ባለ 16 መስመር ቢሆንም ሁሉም ካርድ 16ቱን መስመር አይጠቀምም። ወጪን ለመቀነስ አንዳንድ አዳዲስ ካርዶች ባለ 8 ወይም ባለ 4 መስመር ሆነው ይሠራሉ። አዲስ ማዘርቦርድ ላይ የመስመሩ ፍጥነት የቁጥሩን ማነስ ስለሚያካክስ ጉዳቱ እምብዛም አይታይም፤ በቆየ ማዘርቦርድ ላይ ግን መስመሩም ጥቂት፣ ፍጥነቱም ግማሽ ይሆናል።

ለዚህ ግልጽ ምሳሌ የሚሆነው ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በ199 ዶላር መነሻ ዋጋ ያወጣው ራዲዮን አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ነው። ካርዱ 4 ጊጋባይት ሚሞሪና የ4ኛው ትውልድ 4 መስመሮች ብቻ አሉት። ዋጋው በቀጥታ የሚያነጣጥረው የቆየ ማሽን ባለቤቶችን ቢሆንም የመተላለፊያው ጥበት ይበልጥ የሚጎዳው እነርሱን ነው። በ3ኛው ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ የመተላለፊያው አቅም በሰከንድ ወደ 3.94 ጊጋባይት ይወርዳል፤ የካርዱ የራሱ ሚሞሪ ግን በሰከንድ 144 ጊጋባይት ያነባል። ጨዋታው የሚፈልገው መረጃ በ4 ጊጋባይቱ ውስጥ እስካለ ድረስ ልዩነቱ አይጎላም። ሚሞሪው ሞልቶ ቀሪው መረጃ ከኮምፒውተሩ ራም መምጣት ሲጀምር ግን ካርዱ 36 ጊዜ ያህል በጠበበ በር ይመገባል። በ16.7 ሚሊሰከንድ የፍሬም ጊዜ ውስጥ በዚህ በር ሊያልፍ የሚችለው 66 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ሙሉ 16 መስመር ያለው ካርድ በዚያው ማዘርቦርድ ላይ 262 ሜጋባይት ገደማ ያሳልፋል። ካርዱ እንደወጣ ይፋ የሆኑ የንጽጽር ፈተናዎችም በ3ኛው ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ አቅሙ በበርካታ ጨዋታዎች በጉልህ እንደሚወርድ አሳይተዋል።

ከዚህ የሚገኘው መመዘኛ ሁለት ነገሮችን አብሮ ማየት ነው፤ የካርዱ ሚሞሪ መጠንና የመስመሮቹ ብዛት። ሚሞሪው በቂ ከሆነ ጠባብ መተላለፊያ ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ሚሞሪውም መተላለፊያውም ጠባብ ከሆኑ ግን ጉዳቱ ይደራረባል። ጂፎርስ አርቲኤክስ 4060 ለምሳሌ 8 መስመሮች ብቻ ቢኖሩትም 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ስላለው በ3ኛው ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ ከአርኤክስ 6500 ኤክስቲ ይልቅ በተሻለ ሁኔታ ይሠራል።

የኢንቴል አርክ ካርዶች ደግሞ ሌላ ዓይነት ቅድመ ሁኔታ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡት ኤ750 እና ኤ770 አቅማቸውን ለማሳየት ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሚሞሪ በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲደርስበት የሚያደርገውን፣ ሪሳይዘብል ባር የተባለውን አሠራር ይፈልጋሉ። ኢንቴል ለእነዚህ ካርዶች የሚመክረው 10ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆኑ የራሱን ፕሮሰሰሮች፣ ወይም ተመጣጣኝ የኤኤምዲ ማሽኖችን ነው። በ4ኛ ትውልድ ማሽን ላይ ዋጋቸው የሚስብ ቢሆንም የሚጠበቀውን ያህል አይሰጡም።

4. የኃይልና የአካል ወሰን

ስሎቱ ራሱ ለካርዱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ ቀጥታ ኬብል ያስፈልገዋል፤ ባለ 6 ፒን ኬብል ተጨማሪ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒን ደግሞ 150 ዋት እንዲያቀርብ ተደንግጓል። ጂቲኤክስ 750 ቲአይ 60 ዋት ብቻ የሚወስድ በመሆኑ የማሳያው ማሽን ባለቤት ስለ ፓወር ሰፕላዩ የሚያስብበት ምክንያት አልነበረም። ጥያቄው የሚነሣው ካርዱ በሚቀየርበት ዕለት ነው።

ፕሮሰሰሩ 84 ዋት፣ አርቲኤክስ 4060 115 ዋት፣ ማዘርቦርዱ፣ ዲስኮቹና ማቀዝቀዣዎቹ በግምት 50 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 249 ዋት ይሆናል። ኤንቪዲያ ለዚህ ካርድ የሚመክረው ግን 550 ዋት ነው። ልዩነቱ ትርፍ ጥንቃቄ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ካርዶች ለቅጽበት ከተመዘገበው መጠን በላይ ኃይል ይስባሉ፤ በዓመታት ያረጀ ፓወር ሰፕላይም በመለያው ላይ የተጻፈውን ያህል ላይሰጥ ይችላል። በተጨማሪም በመለያው ላይ የሚታየው ጠቅላላ ዋት የተለያዩ ቮልቴጆች ድምር ሲሆን ካርዱና ፕሮሰሰሩ የሚመገቡት በዋናነት ከ12 ቮልቱ ነው። ለምሳሌ በ12 ቮልት 16 አምፔር የሚል መለያ ያለበት ፓወር ሰፕላይ፣ በጠቅላላው 300 ዋት ቢባልም፣ ለእነዚህ ሁለት ክፍሎች ያለው 192 ዋት ብቻ ነው።

ለቢሮ ሥራ ተሠርተው በሁለተኛ እጅ የሚሸጡ ዴስክቶፖች ችግሩን ያከብዱታል። ብዙዎቹ አነስተኛ ዋት ያለው ፓወር ሰፕላይ ይዘው ይመጣሉ፤ የአንዳንዶቹ መሰኪያም ከተለመደው ባለ 24 ፒን የተለየ ስለሆነ በማናቸውም ፓወር ሰፕላይ መተካት አይቻልም። የዲስክ ኬብልን ወደ ባለ 8 ፒን የሚቀይር ማገናኛ መጠቀም ኬብሉ ካልተሠራበት መጠን በላይ እንዲሸከም ስለሚያደርገው ለመቅለጥና ለእሳት ያጋልጣል። እንዲህ ላሉ ማሽኖች ተጨማሪ ኬብል የማይፈልጉ ካርዶች ይመረጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ባለ 75 ዋቱ ጂቲኤክስ 1650 እና እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ባለ 70 ዋቱ፣ ባለ 6 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3050 ለዚህ ይጠቀሳሉ። ሆኖም በእነዚህ ስሞች የሚሸጡ አንዳንድ ሞዴሎች ኬብል ሊጠይቁ ስለሚችሉ የተመረጠውን ካርድ ራሱን ማየት ያስፈልጋል።

የአካል መጠንም አብሮ ይለካል። የካርዱ ርዝመት፣ የሚይዘው የስሎት ብዛትና የሳጥኑ የአየር መተላለፊያ ከግዢ በፊት መታወቅ አለባቸው። አዳዲስ ካርዶች የቪጂኤ መውጫ ስለሌላቸው የቆየ ሞኒተር ያለው ሰው የምልክት መቀየሪያ ወይም ሌላ ሞኒተር ወጪ ሊጨመርበት ይችላል።

5. የድጋፍ ዕድሜ

ካርድ ከሚያረጅባቸው መንገዶች አንዱ በሶፍትዌር ነው። ኤንቪዲያ ማክስዌልና ፓስካል ለተባሉት ትውልዶች፣ ማለትም ለጂቲኤክስ 750 ቲአይ፣ ለጂቲኤክስ 900 እና ለጂቲኤክስ 1000 ተከታታይ ካርዶች፣ ለአዳዲስ ጨዋታዎች የሚያወጣውን ድራይቨር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ የደኅንነት ማሻሻያው ብቻ እስከ ጥቅምት 2028 እንደሚቀጥል አስታውቋል። ለተመራማሪዎች ይበልጥ የሚያሳስበው እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ኩዳ 13 እነዚሁን ትውልዶች ከድጋፉ ማስወጣቱ ነው። ባለ 11 ጊጋባይቱ ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ በሚሞሪው ብዛት ለማሽን ለርኒንግ ተማሪ ሊያጓጓ ይችላል፤ ገዢው ግን ከአሁን በኋላ በቆዩ የሶፍትዌር ስሪቶች ላይ ተወስኖ ለመቆየት መወሰኑን ሊያውቅ ይገባል።

በጨዋታው ዓለምም ተመሳሳይ ድንበር ተሰምሯል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የወጣው ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ግሬት ሰርክል እና በ2025 የወጣው ዱም፦ ዘ ዳርክ ኤጅስ የብርሃን ጨረርን መንገድ በሃርድዌር የሚያሰላ ካርድ ግዴታ ያደርጋሉ። ይህ ክፍል የሌለው ካርድ ፍጥነቱ ምንም ያህል ቢሆን እነዚህን ጨዋታዎች በተለመደው መንገድ አያስኬድም። በዚህ መመዘኛ አርቲኤክስ 3050 ያልፋል፤ ጂቲኤክስ 1650 እና ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ ግን ይወድቃሉ።

የማሽኑ የራሱ ዕድሜም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በአመዛኙ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆኑ ፕሮሰሰሮችን ይጠይቃል። ኮር አይ5-4590 የ4ኛው ትውልድ በመሆኑ ከዝርዝሩ ውጭ ነው። አዲስ ካርድ ይህን አይለውጠውም። ሊኑክስ ለምርምር ሥራና ለብዙ ጨዋታዎች መውጫ ይሆናል፤ የፀረ ማጭበርበር ሶፍትዌር የሚጠቀሙ አንዳንድ የኢንተርኔት ጨዋታዎች ግን በእርሱ ላይ አይሠሩም።

6. የውሳኔ ቅደም ተከተል

ከላይ የተዘረዘሩት ወሰኖች በተግባር ሲውሉ ቅደም ተከተላቸው ወሳኝ ነው። በመጀመሪያ የሬዞሉሽን ፈተናው ተደርጎ ማነቆው ይለያል፤ ማነቆው ፕሮሰሰሩ ከሆነ የካርድ ግዢው በዚያው ይቆማል። ማነቆው ካርዱ ከሆነ የፕሮሰሰሩ ጣሪያ ተገምቶ ወደዚያ የሚያደርስ እንጂ ከዚያ እጅግ የሚያልፍ ካርድ አይፈለግም። ቀጥሎ የፓወር ሰፕላዩ መለያ ይነበባል፤ ከዚያም የካርዱ መስመርና ሚሞሪ ከማዘርቦርዱ ትውልድ ጋር ይመዘናል። በመጨረሻም የካርዱ ቀሪ የድጋፍ ዕድሜ ይታያል።

የሁለተኛ እጅ ካርድ የሚገዛ ሰው አንድ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል። ኢቴሪየም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በካርድ የሚደረገውን ማይኒንግ ሲያስቀር ለረጅም ጊዜ ያለ ዕረፍት የሠሩ ብዙ ካርዶች ወደ ገበያ ገብተዋል። እንዲህ ያለ ካርድ የግድ የተበላሸ ባይሆንም የማቀዝቀዣው ማራገቢያና የሙቀት ማስተላለፊያው ሊያረጁ ይችላሉ። ስለዚህ ዋጋው ከመከፈሉ በፊት ካርዱ በሙሉ ጫና እንዲሠራ ተደርጎ ሙቀቱና የምስሉ ጥራት መታየት አለባቸው።

በስሌቱ ውስጥ ሊዘነጋ የማይገባው ደግሞ ካርዱ ከማሽኑ ጋር አብሮ አለመጣሉ ነው። ፓወር ሰፕላይና ካርድ ወደሚቀጥለው ኮምፒውተር ሊዛወሩ ይችላሉ፤ የዲዲአር3 ራምና የቆየ ፕሮሰሰር ግን አይዛወሩም። በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ሙሉ ማሽን ለመቀየር ያቀደ ሰው ከአሁኑ ጣሪያ በመጠኑ የሚያልፍ ካርድ ቢገዛ ገንዘቡ ባከነ አይባልም። እንዲህ ያለ ዕቅድ የሌለው ሰው ግን ለዛሬው ማሽን የሚመጥነውን ብቻ መግዛቱ ይበጀዋል።

7. ማጠቃለያ

በቆየ ኮምፒውተር ላይ የሚገጠም ግራፊክስ ካርድ ዋጋው የሚወሰነው በካርዱ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ባሉት ክፍሎች ነው። የፍሬም ጊዜው በዘገየው ሠራተኛ ይወሰናል፤ ጠባብ መተላለፊያ ርካሹን ካርድ ይበልጥ ርካሽ በሆነው ማሽን ላይ ይጎዳዋል፤ የፓወር ሰፕላዩ ዝምታ የአቅሙ ማስረጃ አይደለም፤ የድራይቨር ድጋፍ ማብቃትም ጤናማ ካርድን ከአገልግሎት ሊያርቅ ይችላል። በማሳያው ማሽን ላይ ሲታይ፣ የኃይል አቅሙ ላልተረጋገጠ ሳጥን ከ75 ዋት የማይበልጥና ድጋፉ ያልተቋረጠ ካርድ፣ በተለይም ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050፣ ሚዛኑን የጠበቀ ምርጫ ይሆናል። በቂ ፓወር ሰፕላይ ላለውና ካርዱን ወደ ሌላ ማሽን ለማዛወር ላሰበ ሰው አርቲኤክስ 4060 ያዋጣል። የሬዞሉሽን ፈተናው ምንም ለውጥ ላላሳየበት ሰው ግን ትክክለኛው ውሳኔ ካርድ አለመግዛት ነው፤ ያ ገንዘብ ለፕሮሰሰር፣ ለራም ወይም ለሚቀጥለው ማሽን ቢቀመጥ የተሻለ ጥቅም ይሰጣል።